የመሪ ማኅተምና ፊርማ ያለበትን ሰነድ እንዴት እንሰበስባለን? ከአንኮበር እስከ መንዝ ለሚዞር ሰብሳቢ

ሰነድ ይዘው ደብረ ብርሃን ወደ ቤቴ የሚመጡ ሰዎች ጥፋታቸው ይመሳሰላል። አንዱ የአያቱን የሹመት ደብዳቤ እንዳይበላሽበት ብሎ ላሚኔት አስደርጎ ያመጣዋል። ሌላው በብዙ ሺህ ብር የገዛውን የዳግማዊ ምኒልክ «ፊርማ» ይዘረጋልኛል። ሦስተኛው እውነተኛ ሰነድ በእጁ አለ፤ ከማን ቤት እንደ ወጣ፣ ለማን እንደ ተጻፈ ግን ጠይቆ አያውቅም። ከሦስቱ በጣም የሚያሳዝነኝ ይኸኛው ነው። የመጣበት መንገድ ያልታወቀ ሰነድ እውነተኛ ቢሆን እንኳ ማንንም አያሳምንም፤ የሚያውቁት ሽማግሌም አንድ በአንድ እያለፉ ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል አንድ ሕግ አለው፤ የወረቀቱ ታሪክ ከወረቀቱ በፊት ይሰበሰባል። ደረጃ አትዝለሉ።

ከመነሳታችሁ በፊት

እነዚህን በአንድ ቦርሳ አዘጋጁ፦

- ለስላሳ እርሳስና ደብተር። እስክሪብቶ ሰነድ ባለበት ጠረጴዛ ላይ አይውጣ።
- አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር፣ ወርቅ ሠሪዎች የሚይዙት ዓይነት።
- የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራት፣ ትንሹ በባትሪ የሚሠራው።
- ማስመሪያ፣ ካሜራው ደህና የሆነ ስልክ።
- ታጥቦ በደንብ የደረቀ ነጭ አቡጀዲና ሁለት ጠንካራ ካርቶን።

ጓንት ፎቶግራፍ ለመንካት ብቻ ያዙ። ለወረቀት ታጥቦ የደረቀ እጅ ይበልጣል፤ ጓንት ያደረገ ጣት የወረቀቱን ጠርዝ ስለማይሰማው ይቀደዋል።

ወራቱንም ምረጡ። በክረምት ሰነድ ይዛችሁ መንገድ አትውጡ። በኅዳርና በታኅሣሥ ደግሞ የደጋው ውርጭና ደረቅ ነፋስ አሮጌ ወረቀትን እንደ ቅጠል ያደርቀዋል፤ በዚያን ጊዜ የታጠፈ ደብዳቤ ለመዘርጋት አትቸኩሉ።

ደረጃ 1፦ ምን እንደምትሰበስቡ ወስኑ

«የመሪዎች ፊርማ» ብሎ መነሳት ገንዘብ መበተን ነው። አንድ ዘመን ወይም አንድ ዓይነት ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ የአርበኝነት ዘመን ደብዳቤዎችን፣ ወይም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሰጡ የሹመትና የሽልማት ወረቀቶችን፣ ወይም በሕይወት ያሉ የቀድሞ ባለሥልጣናት የፈረሙባቸውን ፎቶግራፎች። የአንድ ዘመንን እጅ ጽሑፍና ማኅተም ደጋግሞ ያየ ዓይን ሐሰቱን ከሩቅ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ያዙ። የቀድሞዎቹ ነገሥታት ደብዳቤያቸውን በአብዛኛው ያጸኑ የነበረው በማኅተም ነው። ማኅተሙም ዛሬ እንደለመድነው ከግርጌ ሳይሆን በደብዳቤው ራስ ላይ ይቀመጥ ነበር። «የምኒልክ ፊርማ አለኝ» የሚላችሁን ሻጭ በዚህ አንድ ነገር ብቻ መጠርጠር ትችላላችሁ።

ደረጃ 2፦ ቤተሰቡ ዘንድ ሂዱ፤ መጀመሪያ አዳምጡ

ቤተሰቡ ከሚያውቀውና ከሚያከብረው ሰው ጋር ሂዱ። ለቅሶ ባለበት ቤት ወይም የውርስ ክርክር ባለበት ሰሞን ስለ ሰነድ አታንሱ። በመጀመሪያው ቀን ስለ መግዛት አትናገሩ፤ የገንዘብ ስም ከተጠራ በኋላ የሚነገረው ታሪክ ከገንዘቡ ጋር ማደግ ይጀምራል።

በሞላሌ አቅራቢያ አንዲት እናት ሳጥናቸውን ሲከፍቱልኝ አልረሳውም። ከላይ የክት ልብስ፣ ከሥሩ የደረቀ አሪቲ፣ ከአሪቲው ሥር በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ መዳፍ የማይሞላ ታጣፊ ወረቀት። ወረቀቱን ከመንካቴ በፊት «እማማ፣ ይህ ለማን ነበር የተጻፈው?» አልኋቸው። «ለአባቴ። ጣሊያን ቤታችንን ሲያቃጥል እናቴ በመቀነቷ ቋጥራው ዋሻ ገባች» አሉኝ። የወረቀቱ ጠርዝ ለምን በላብ እንደ ወየበ፣ አራቱ እጥፋት ለምን እንደዚያ እንደ ሳሱ በዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ገባኝ። ማንም አስመሳይ ያንን ላብ ከዚያ ታሪክ ጋር አያጋጥመውም።

የምትጠይቁት ይህን ነው፤ በቅደም ተከተል ጻፉት፦

1. ሰነዱን መጀመሪያ የተቀበለው ማን ነው? ስለ ምን ጉዳይ?
2. ከእርሱ ወደ ማን ተላለፈ? በውርስ፣ በስጦታ፣ ወይስ በአደራ?
3. ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው የወረራ ዘመን የት ነበር?
4. ከቤተሰቡ ውጪ ያየው ሰው ማን አለ?
5. ሌላ አብሮት የተቀመጠ ወረቀት፣ ኒሻን ወይም ፎቶግራፍ አለ?

መልሱን በተናጋሪው ቃል ጻፉ፤ አታሳምሩት። ከፈቀዱላችሁ ድምፅ ቅዱ፤ ካልፈቀዱ አትቅዱ። «ከሰገሌ ጦርነት የመጣ ነው» ወይም «ከአንኮበር ቤተ መንግሥት የወጣ ነው» የሚል ነገር ስትሰሙ ማን እንደ ነገራቸውም ጠይቁ። ታላቅ የቦታ ስም ትንሽ ወረቀት ላይ ሲለጠፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ደረጃ 3፦ ሰነዱን ክፈቱ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ ደብዳቤ በታኅሣሥ ፀሐይ በረንዳ ላይ ዘረጋሁ። በእጥፋቱ ላይ ቀጭን ድምፅ አሰምቶ ለሁለት ተከፈለ። ደንግጬ በጀርባው ፕላስተር ለጠፍሁበት። ከሁለት ዓመት በኋላ የፕላስተሩ ሙጫ ወረቀቱን ዘልቆ ወደ ማኅተሙ የሚሄድ ቡናማ መስመር ሠራ። ያ መስመር ዛሬም አለ፤ አይጠፋም።

እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

1. ወረቀቱ በቀላሉ የሚከፈት ከሆነ ከነፋስና ከፀሐይ ርቃችሁ በንጹሕ አቡጀዲ ላይ ክፈቱት። ሲከፈት የሚቃወም ከሆነ አቁሙ።
2. የማኅተሙንና የጽሑፉን ቀለም ፈትኑ። የጥጥ ጫፍ በጣም በትንሹ አርጥባችሁ በማይጎዳ ነጥብ ላይ ንኩ። ጥጡ ቀለም ከያዘ እርጥበት አታስጠጉት። በተለይ ሐምራዊ የማኅተም ቀለም በትንሽ እርጥበት ይፈሳል፤ እንዲህ ያለውን ለባለሙያ ተዉት።
3. ቀለሙ ካልለቀቀ፣ ክዳን ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰዱ። ከታች የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉ፣ ከላዩ ጨርቁን የማይነካ ወንፊት አድርጉ፣ ሰነዱን በወንፊቱ ላይ አስቀምጡና ክደኑት።
4. በየግማሽ ሰዓቱ እዩት። ሁለት ሦስት ሰዓት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ሌሊቱን አታሳድሩት፤ ይሻግታል።
5. ሲለሰልስ በእጃችሁ መዳፍ ሳይሆን በአቡጀዲው እየደገፋችሁ ዘርጉት። በሁለት ነጭ ጨርቅ መካከል አድርጋችሁ ጠፍጣፋ መጽሐፍ ጫኑበት፤ እስከሚደርቅ አታንሱት። ካውያ ፈጽሞ አይነካውም።

ከዚያ ፎቶ አንሱ። በጥላ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከሰነዱ ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ ማስመሪያውን ጎኑ ላይ አስቀምጣችሁ። ጀርባውንም አንሱ፤ ባዶ የሚመስለው ጀርባ ብዙ ጊዜ የመዝገብ ቁጥር ወይም የሌላ ሰው ማስታወሻ አለበት።

ደረጃ 4፦ ማዕረጉን ከዘመኑ ጋር አስተያዩ

ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ግን ብዙ ሐሰት የሚያጋልጥ ምርመራ ነው። አስመሳዮች የመሪውን ስም ያውቃሉ፤ በዚያ ዓመት የነበረውን ማዕረግ ግን ይረሳሉ።

- ምኒልክ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ነው። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ ለአፄ ዮሐንስ ገብረው የሸዋ ንጉሥ ተባሉ። ስለዚህ ከ1870 ዓ.ም. አንሥቶ አፄ ዮሐንስ እስካረፉበት እስከ መጋቢት 1881 ዓ.ም. ድረስ «ንጉሠ ነገሥት» የሚል ሰነድ ብርቱ ጥያቄ ያስነሳል። ከልቼ በፊት ግን ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ያሉበት ጊዜ ስለ ነበር በችኮላ ሐሰት ነው አትበሉ።
- ልጅ ኢያሱ ዘውድ አልጫኑም፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ተሻሩ።
- ራስ ተፈሪ «ንጉሥ» የተባሉት በመስከረም 1921 ዓ.ም. ነው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም የመጣው ንግሥት ዘውዲቱ በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ነው። በ1918 ዓ.ም. «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ» ብሎ የተጻፈ ወረቀት ካያችሁ ቦርሳችሁን ዝጉ።
- አበበ አረጋይ ከወረራው በፊት ባላምባራስ ነበሩ፤ «ራስ» የሚለው ማዕረግ የአርበኝነቱ ዘመን ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ስለ ተገደሉ ከዚያ ወዲህ የተጻፈ ቀን ያለው ፊርማ የእርሳቸው ሊሆን አይችልም። በሰሜን ሸዋ ስማቸው ስለሚፈለግ እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ።
- መንግሥቱ ኃይለ ማርያም የደርግ ሊቀመንበር የሆኑት በየካቲት 1969፣ ፕሬዚዳንት የሆኑት በ1980 ዓ.ም. መባቻ ነው፤ ከአገር የወጡት በግንቦት 1983 ዓ.ም.።

የዘመን አቆጣጠሩን አትርሱ። የውጭ አገር ሰው በፎቶግራፍ ጀርባ የጻፈው ቀን ከእኛ አቆጣጠር በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይበልጣል። ይህን ሳያሰሉ እውነተኛ ፎቶግራፍ ሐሰት ነው ብለው የመለሱ ሰዎችን አውቃለሁ።

ደረጃ 5፦ በመነጽርና በመብራት መርምሩ

ብርሃን ባለበት መስኮት አጠገብ ተቀመጡ።

ጽሑፉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና አልነበረም፤ ኢንጂነር አያና ብሩ የሠሩት ከዚያ በኋላ ነው። በመኪና የተተየበ የምኒልክ ደብዳቤ ቢበዛ ቅጂ ነው። የድሮ ጸሐፊ ደግሞ ቃልን ከቃል በሁለት ነጥብ ይለያል፤ በባዶ ቦታ የተለያየ «ጥንታዊ» ደብዳቤ ያስጠረጥራል።

ቀለሙ። በእጅ የተፈረመ ፊርማ በመነጽር ሲታይ የብዕሩ ጉልበት ይለዋወጣል፤ ሲጀምርና ሲጨርስ ይሳሳል። በቲተር፣ ማለትም በላስቲክ ማኅተም፣ የተመታ ፊርማ ጠርዙ ደምቆ መሀሉ ይደበዝዛል። በኮምፒውተር የታተመ ደግሞ ጥቃቅን ነጥቦች ይሆናል፣ ወይም በወረቀቱ ላይ የሚያብለጨልጭ ዱቄት ይመስላል። ሌላ ሰው በላዩ ሄዶ የቀዳው ፊርማ ይንቀጠቀጣል፤ እጁ እያሰበ ስለሚሄድ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። በኳስ ጫፍ የሚጽፈው እስክሪብቶ በዓለም ገበያ የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስለሆነ በ1920ዎቹ ፎቶግራፍ ላይ በእርሱ የተጻፈ ፊርማ በዚያን ጊዜ አልተጻፈም።

እጥፋቱ። ፊርማው እጥፋቱን የሚያቋርጥ ከሆነ መነጽሩን እዚያ ላይ አቁሙ። ቀለሙ በተሰበረው መስመር ውስጥ ገብቶ ወደ ጎን ከፈሰሰ ወረቀቱ ታጥፎ ካረጀ በኋላ ነው የተፈረመው። በባዶ አሮጌ ወረቀት ላይ አዲስ ጽሑፍ የሚጽፉ አስመሳዮች የሚያዙት በዚህ ነው።

መብራቱ። በጨለማ ክፍል ሐምራዊውን መብራት አብሩበት። ወረቀቱ እንደ አዲስ የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ደምቆ ሰማያዊ ነጭ ካበራ የሚያነጣ ኬሚካል የገባበት የቅርብ ዘመን ወረቀት ነው። አለማብራቱ ግን ብቻውን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም።

ልባችሁ ካልጸና አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሄዳችሁ በዚያ የተጠበቁ የተመሳሳይ ዘመን ሰነዶችን ለማየት ጠይቁ። ከራሳችሁ ፎቶ ጋር አስተያዩ፤ ዋናውን ይዛችሁ በአውቶቡስ አትንከራተቱ።

ደረጃ 6፦ ሕጉንና ውሉን አስቀድሙ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ግለሰብ ቅርስ በእጁ እንዲይዝ ይፈቅዳል፤ ግን ግዴታ አለበት። መጠበቅና ማስመዝገብ አለበት፣ ከመሸጡ በፊት ማሳወቅ አለበት፣ መንግሥትም በቅድሚያ የመግዛት መብት አለው። ከአገር ማውጣት ለጥናት፣ ለባህል ልውውጥ ወይም ለኤግዚቢሽን በፈቃድ ካልሆነ ክልክል ነው። ስለዚህ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ሻጩን ይዛችሁ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ውሉን በጽሑፍ፣ በምስክሮች ፊት አድርጉ። የሰነዱን ርዝመትና ስፋት፣ የመጀመሪያውን መስመር ቃል በቃል፣ የማኅተሙን ቦታና ቀለም ጻፉበት፤ በደረጃ 2 የቀዳችሁትን ታሪክም አያይዙ። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ሁሉም ይፈርሙ።

ከቤተ ክርስቲያንና ከገዳም ዕቃ ቤት የወጣ ነገር አትግዙ። ያቀረበላችሁ ቄስም ይሁን ዲያቆን፣ ያ የግሉ አይደለም። አትግዙ።

ደረጃ 7፦ በሕይወት ካለ መሪ ፊርማ ስትጠይቁ

ይህ መንገድ ከሁሉም አስተማማኙ ነው፤ ምስክሩ ራሳችሁ ናችሁ።

ለጽሕፈት ቤቱ አጭር ደብዳቤ ጻፉ። ማን እንደ ሆናችሁ፣ የምታስፈርሙት ምን እንደ ሆነ፣ ለምን እንደ ፈለጋችሁት ግለጹ፤ ከአንድ ዕቃ በላይ አትጠይቁ። በስብሰባ ወይም በምረቃ ላይ ከሆነ ቀድማችሁ የፕሮቶኮል ሠራተኛውን አነጋግሩ። ፎቶግራፉና ብዕሩ በእጃችሁ ይታዩ፤ ባለሥልጣን አጠገብ ስትደርሱ እጃችሁን ወደ ቦርሳ አትስደዱ። ጠባቂው ሥራውን ይሠራል፣ እናንተም ዕድሉን ታጣላችሁ።

የማያብለጨልጭ ፎቶግራፍ ምረጡ። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቀጭን የማይለቅ ማርከር ያዙ፤ ሌላው ቀለም በጣት ይደመሰሳል። ከተፈረመ በኋላ ቢያንስ አምስት ደቂቃ አትክደኑት። ቀንና ቦታ እንዲጨምሩበት በትሕትና ጠይቁ፤ ማታውኑም የነበረውን ሁሉ በደብተራችሁ ጻፉ።

በፖስታ የመጣላችሁን ፊርማ ግን ወዲያው አትመኑ። ጸሐፊ ወይም መኪና ሊፈርመው ይችላል። ሁለት የተፈረሙ ቅጠሎች ካገኛችሁ በመስኮት ብርሃን ላይ ደርቡአቸው። የሰው እጅ አንድ ፊርማ ሁለት ጊዜ በትክክል አይደግምም፤ ፍጹም ከገጠሙ ሁለቱም የእጅ አይደሉም።

ደረጃ 8፦ አስቀምጡ

ከወጥ ቤት ጢስ፣ ከግድግዳና ከመሬት አርቁ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለወረቀት ጥሩ ነው፤ የአንኮበር ጉም ግን እርጥበት ያመጣል፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ደግሞ ያጠወልጋል፣ ምስጥም አለ። ቆላ የምትኖሩ ብትችሉ ደጋ ባለ ዘመድ ቤት አስቀምጡ።

ሰነዱን በነጭ ወረቀት መካከል፣ ከዚያም በአቡጀዲ ጠቅልላችሁ ሳይታጠፍ በጠፍጣፋ ሣጥን አኑሩ። የሚሸት ለስላሳ ላስቲክ አትጠቀሙ፤ ቀለም ይስባል። ናፍታሊን አትጨምሩ። በወይራ ጢስም አታጥኑት። ግድግዳ ላይ መስቀል ካማራችሁ ቅጂውን ስቀሉ፤ ፀሐይ ፊርማን በጥቂት ዓመት ውስጥ ያደበዝዛል። በሰነዱ ላይ ምንም አትጻፉ፤ መለያ ቁጥሩን በመጠቅለያው ላይ በእርሳስ አድርጉ።

ሲበላሽ ምን ይደረግ?

ዝናብ ከነካው። ፀሐይ ላይ አታስጡ። በጥላ፣ አየር ባለበት፣ በነጭ ጨርቅ ላይ አንጥፉት። የተጣበቁ ፎቶግራፎችን አትላቅቁ፤ የአንዱ ፊት ከሌላው ጀርባ ጋር ይነሳል።

ከሻገተ። ከሌሎቹ ለዩት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ። ከዚያ ከቤት ውጪ በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። እርጥብ ሻጋታ ከተጠረገ ወደ ወረቀቱ ይሰርጻል።

ላሚኔት ከተደረገ ወይም ፕላስተር ከተለጠፈበት። አትላጡት። በሁለቱም በኩል ፎቶ አንሡት፣ ከሙቀት አርቁት፣ ባለሙያ እስክታገኙ ቆዩ።

ሐሰት ሆኖ ከተገኘ። ሻጩን በውሉ ጠይቁት። ገንዘባችሁ ባይመለስ እንኳ መልሳችሁ አትሽጡት። በጀርባው በእርሳስ «ቅጂ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሰነዱ ላይ የሚጻፈው በዚህ ጊዜ ብቻ ነው።

ከቤተሰቡ አንዱ ኋላ መጥቶ «ሳላውቅ ተሸጠ» ካለ። ውሉን አሳዩት፣ ታሪኩን አንብቡለት፣ ፎቶውን ስጡት። ስሙ በውሉ ላይ ከሌለና ወራሽነቱ እውነት ከሆነ ግን ሰነዱን መልሱለት። የሰጣችሁትን ገንዘብ በሽማግሌ ፊት ተቀበሉ፤ ስለ አያቱ የሚያውቀው ነገር ካለም ደብተራችሁን አውጥታችሁ ጠይቁት።